ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል
ስለ ትንንሽ ፓርቲዎች ኅብረት ለአንበሳሜ፣ ለሐሙሲት፣ ለወረታና ለደብረ ታቦር ከተሞች መራጮች የቀረበ ግልጽ ቃል
(ከፓርቲው ዋና ጸሐፊ)



ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ጎህ ሳይቀድ ጋቢውን ተከናንቦ በምርጫ ጣቢያ በር ላይ የተሰለፈውን ሕዝብ የማያስታውስ በእኔ ዕድሜ ያለ የአንበሳሜ ሰው የለም። እኔም ከሰልፉ መካከል ነበርሁ። ያን ቀን ማንም ሰው ተገፍቶ አልመጣም። ሽማግሌው በከዘራው፣ እናት ልጇን አዝላ፣ ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ነበር። ድምፃችንን ሰጥተን ስንመለስ ሀገሪቱን በእጃችን የያዝን ያህል ተሰምቶን ነበር።

ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ በዚያ ሰልፍ ከፊቴ ቆመው የነበሩ አንዲት ጠላ በመሸጥ የሚተዳደሩ እናት በገበያ መንገድ ላይ አስቆሙኝና፣ «ልጄ፣ እነዚያ ሰዎች የት ገቡ? ድምፄን የሰጠሁት ለማን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ሕግ ተምሬያለሁ፤ በፍርድ ቤት ቆሜ ተከራክሬያለሁ። ለዚያች ጥያቄ ግን መልስ አጣሁ። የተወሰኑት ፓርላማ ገብተዋል፤ የተወሰኑት ታስረዋል፤ የተወሰኑት በማኅተምና በስም ይካሰሱ ነበር። እኒህን ሁሉ የመረጠው ደግሞ ያው አንድ ሰልፍ ነበር።

ይህ ጽሑፍ ለእኚያ እናት የዘገየ መልስ ነው። ገዥውን ፓርቲ የሚከስስ ጽሑፍ በዚህ መጽሔት ውስጥ በቂ አለ። እዚህ የምንከስሰው ራሳችንን፣ ማለትም ተቃዋሚዎችን፣ በተለይም በማኅበራዊ ፍትሕና በአካባቢ ጥበቃ ስም የተደራጀን ትንንሽ ፓርቲዎችን ነው። ከክሱም በኋላ ምን ልናደርግ እንደተዘጋጀን በግልጽ እንናገራለን።

1. ሕጉ ለተከፋፈለ አይራራም

ብዙ ሰው «ተቃዋሚዎች ለምን አትተባበሩም?» ሲለን የሥነ ምግባር ምክር እንደሰጠን አድርገን ተቀብለን በፈገግታ እናልፈዋለን። ነገሩ ከምክር በላይ ነው፤ የሒሳብ ጉዳይ ነው።

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባላት በየምርጫ ክልሉ ከሌሎች ተወዳዳሪዎች አብላጫ ድምፅ በማግኘት እንደሚመረጡ ይደነግጋል። አብላጫ ማለት ከግማሽ በላይ ማለት አይደለም፤ ከሌላው መብለጥ ብቻ ነው። አንድ ሺህ ሰው ድምፅ የሰጠበትን የምርጫ ክልል ለምሳሌ እንውሰድ። ገዥው ፓርቲ 400 ድምፅ አገኘ እንበል። የቀሩት 600 መራጮች ለውጥ የፈለጉ ናቸው፤ ነገር ግን 250ው ለአንዱ፣ 200ው ለሌላው፣ 150ው ለሦስተኛው ተቃዋሚ ሰጡ። ወንበሩን የሚወስደው 400 ያገኘው ነው። የ600ው ሰው ድምፅ ተቆጥሮ፣ ተጽፎ፣ ተፈርሞበት ከንቱ ይቀራል። ኮሮጆ አልተሰረቀም፤ ታዛቢ አልተባረረም፤ ያሸነፈን የራሳችን መከፋፈል ነው።

በአንዳንድ አገሮች ፓርቲዎች ባገኙት ድምፅ ልክ ወንበር ይከፋፈላሉ። በእንደዚያ ያለ ሥርዓት ትንሽ ፓርቲ ብቻውን ቆሞ ትንሽ ወንበር ሊያገኝ ይችላል። በእኛ ሥርዓት ግን ብቻውን የቆመ ትንሽ ፓርቲ ለገዥው ፓርቲ የሚያበረክተው አገልግሎት አለ፤ የተቃዋሚውን ድምፅ ይቆርስለታል። ይህን ሳያውቅ የሚያደርግ ፓርቲ የዋህ ነው። እያወቀ የሚያደርግ ፓርቲ ግን ለመራጩ ሊያስረዳ ይገባዋል።

2. የእኛው ጥፋት ታሪክ

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት በየመድረኩ እንጠቅሳለን። አንበሳሜ ላይ ሲነገር ደግሞ ጭብጨባው ይበረታል። ይሁን እንጂ ድር ዝም ብሎ አያብርም። ድሩን የሚያከረው፣ ውሉን የሚቋጥረው ሰው ያስፈልጋል። ውሉ የጠፋ ድር አንበሳ ሊያስር ቀርቶ ራሱ ይተበተባል። የሀገራችን የኅብረት ታሪክ በአብዛኛው ውሉ የጠፋ ድር ታሪክ ነው።

ከግራው እንጀምር፤ የእኛም ሥር ከዚያ ነውና። በ1969 ዓ.ም. አምስት ድርጅቶች፣ ማለትም መኢሶን፣ ሰደድ፣ ወዝ ሊግ፣ ማሌሪድና ኢጭአት፣ የኢትዮጵያ ማርክሳዊ ሌኒናዊ ድርጅቶች ኅብረት ወይም «ኢማሌድህ» የሚባለውን ጥምረት አቋቋሙ። በወረቀት ላይ ዓላማቸው አንድ ነበር። አንዱ ድርጅት ግን ጠመንጃና ቤተ መንግሥት ነበረው፤ ሌሎቹ አልነበራቸውም። መኢሶን በ1969 መጨረሻ ከጥምረቱ ወጥቶ ኅቡእ ገባ፤ ሌሎቹም ተራ በተራ ተመቱ፤ በመጨረሻ የቀረው የደርጉ ሰደድ ብቻ ሆነ። ከጥምረቱ ውጭ የነበረው ኢሕአፓ ደግሞ ከመኢሶን ጋር በጥይት ይፈላለግ ነበር። በዚያ ዘመን ያለቀው ወጣት በየከተማችን ስንት ቤት እንዳጨለመ የሚያውቅ ያውቀዋል።

እንግዲህ ይህን ልብ በሉ። በ1995 ዓ.ም. በዋሽንግተን 15 ድርጅቶች የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ኃይሎች ኅብረትን ሲመሠርቱ ኢሕአፓና መኢሶን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ፈርመዋል። የተገዳደሉ ድርጅቶች መፈራረም ከቻሉ፣ ዛሬ «ከእነ እገሌ ጋር አብሬ አልሠራም» የሚል ፓርቲ ምን ምክንያት ሊያቀርብ ይችላል? ለዚያ ፊርማ ግን 26 ዓመት ፈጅቶባቸዋል።

በ1997ቱ ምርጫ ዋዜማ ደግሞ መኢአድ፣ ኢዴአፓ-መድኅን፣ ቀስተ ደመናና የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ሊግ ቅንጅትን አቋቋሙ። ውጤቱን ታውቃላችሁ። በምርጫ ቦርድ የመጨረሻ ውጤት እንኳ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 የፓርላማ ወንበር አገኙ። በአዲስ አበባ ምክር ቤት ከ138 ወንበር 137ቱን ቅንጅት ወሰደ። ትንንሽ ፓርቲዎች ተባብረው ምን ማድረግ እንደሚችሉ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ በሀገራችን የለም።

ከዚያ በኋላ የደረሰውን መንግሥታዊ በደል አንረሳም። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 በተወሰደው የኃይል እርምጃ 193 ሲቪል ዜጎች መገደላቸውን ጉዳዩን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚሽን መዝግቧል። የቅንጅት መሪዎች ታስረው እስከ ሐምሌ 1999 ቆይተዋል። የጥፋቱ ዋና ሸክም በማን ትከሻ ላይ እንደሆነ ግልጽ ነው።

ይሁን እንጂ እውነቱን እንናገር። ቤቱ ከውጭ ሲደበደብ ከውስጥም ይሰነጠቅ ነበር። ፓርላማ እንግባ ወይስ አንግባ? ቅንጅቱ ወደ አንድ ፓርቲ ይዋሐድ ወይስ በቅንጅትነቱ ይቆይ? ማኅተሙ በማን እጅ ይሁን? አንድ ፓርቲ ቢወጣ ስሙ የማን ይሆናል? እነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ የተነሱት ሕዝቡ ድምፁን ከሰጠ በኋላ ነው። የቤት ውል ተከራዩ ከገባ በኋላ አይጻፍም። በ2000 ዓ.ም. የቅንጅት ስም በምርጫ ቦርድ ውሳኔ ሕዝቡ ለማያውቀው ወገን ሲሰጥ መሪዎቹ ሌላ ስም ይዘው እንደገና ከዜሮ ለመጀመር ተገደዱ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለው ተረት እዚህ ላይ ነው የሚነገረው።

ቀጥሎ የመጣው ይታወቃል። በ2002 ዓ.ም. መድረክ በስምንት ወር ሳይሆን በረዥም ውይይት ተሰባስቦ ቢወዳደርም በጠበበው የፖለቲካ ሜዳ ከ547 ወንበር አንድ ብቻ አገኘ። በ2007 ዓ.ም. ተቃዋሚ የሚባል አንድም ሰው ፓርላማ አልገባም። በ2013ቱ ምርጫ ከ40 በላይ ፓርቲዎች ቀርበው፣ ይፋ በሆነው የመጀመሪያ ውጤት ብልጽግና 410፣ አብን 5፣ ኢዜማ 4፣ የጌዴኦ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት 2 ወንበር አገኙ። ከምርጫው በኋላም የአብንና የኢዜማ መሪዎች የሚኒስትርነት ቦታ ተሰጣቸው። ይህ ለሀገር ጠቀመ ወይስ አልጠቀመም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። እኛ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ መራጩ ተቃዋሚ ብሎ ድምፁን ሲሰጥ ይህ ሊሆን እንደሚችል በፊርማ በተረጋገጠ ወረቀት ተነግሮት ነበር ወይ?

3. ከጎረቤትና ከሩቅ

ይህ ችግር የኛ ብቻ አይደለም። መድኃኒቱንም ሌሎች ሞክረውታል።

ጎረቤታችን ኬንያ በ1992 እ.ኤ.አ. የመድብለ ፓርቲ ምርጫ ስታካሂድ ዳንኤል አራፕ ሞይ ከመቶ 36 ገደማ ድምፅ ይዘው አሸነፉ፤ በ1997 እ.ኤ.አ. ደግሞ በ40 ከመቶ ገደማ። በሁለቱም ጊዜ አብዛኛው ኬንያዊ ሞይን አልመረጠም፤ ድምፁ ግን በተቃዋሚዎች መካከል ተበታትኖ ቀረ። የዛፍ ተከላ እንቅስቃሴ መሪ የነበሩት ዋንጋሪ ማታይ በ1997 ብቻቸውን በትንሽ ፓርቲ ተወዳድረው ወደቁ። በ2002 እ.ኤ.አ. ተቃዋሚዎች «ብሔራዊ የቀስተ ደመና ቅንጅት» በሚል ስም በአንድ ዕጩ ዙሪያ ሲሰባሰቡ ምዋይ ኪባኪ 62 ከመቶ ገደማ አገኙ። ማታይም በዚሁ ቅንጅት ስም ተወዳድረው ፓርላማ ገቡ፤ የአካባቢ ጥበቃ ምክትል ሚኒስትር ሆኑ፤ በ2004 እ.ኤ.አ. የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበሉ። ሴትዮዋ ያው ናቸው፤ የተከሉትም ዛፍ ያው ነው። ልዩነቱን ያመጣው ኅብረቱ ነው።

የኬንያ ታሪክ ግን ሁለተኛ ምዕራፍ አለው። የቅንጅቱ መሪዎች ሥልጣን ስለመጋራት ያደረጉት የመግባቢያ ስምምነት ከድል በኋላ አልተከበረም። በ2005 እ.ኤ.አ. በሕገ መንግሥቱ ሕዝበ ውሳኔ ላይ ለሁለት ተሰነጠቁ፤ ከ2007ቱ ምርጫ በኋላም ከሺህ በላይ ሰው በግጭት አለቀ። ኅብረት ያሸንፋል፤ ሕዝብ የማያውቀውና ዳኛ የሌለው ኅብረት ደግሞ ያፋጃል።

ጀርመንም ትምህርት አላት። በታኅሣሥ 1990 እ.ኤ.አ. በተደረገው የመጀመሪያው የውሕደት ዘመን ምርጫ የምዕራቡ አረንጓዴ ፓርቲ ከምሥራቆቹ ጋር ቀድሞ ሳይዋሐድ ቀርቦ 4.8 ከመቶ አገኘ። ፓርላማ ለመግባት 5 ከመቶ ያስፈልግ ስለነበር አንድም ወንበር ሳያገኝ ቀረ። ተባብረው የቀረቡት ምሥራቆቹ ግን 8 ወንበር ይዘው ገቡ። በ1993 እ.ኤ.አ. ሁለቱ ወገኖች ተዋሐዱ፤ በሚቀጥለው ዓመት 49 ወንበር አገኙ። በኔዘርላንድም አራት ትንንሽ የግራ ፓርቲዎች በ1989 እ.ኤ.አ. በአንድ ዝርዝር ቀርበው «አረንጓዴ ግራ» የሚባለውን ፓርቲ መሥርተዋል። በመካከላቸው ኮሚኒስቶችና የወንጌል ተከታዮች ነበሩ። በእምነት የተለያዩ ሰዎች በዳቦና በውኃ ጉዳይ ሊስማሙ እንደሚችሉ እነሱ አሳይተዋል።

4. ለምን የግራውና የአረንጓዴው ኅብረት?

«የድሆች ፓርቲና የዛፍ ፓርቲ ምን አገናኛቸው?» የሚሉን አሉ። ወደ አውሮፓ መሄድ አያስፈልግም፤ ወደ ጉማራ እንውረድ።

ጉማራ የሚነሳው ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ነው። በክረምት ድልድዩ ላይ ቆሞ ለተመለከተው ሰው ወንዙ ውኃ አይመስልም፤ ጭቃ ነው። ያ ጭቃ ከፋርጣ፣ ከእስቴና ከደራ ማሳ የተጠረገ አፈር ነው። ገበሬው ገደላማውን መሬት የሚያርሰው ተፈጥሮን ስለጠላ አይደለም፤ ሜዳው መሬት በአባቱ ዘመን ተከፋፍሎ ስላለቀ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የኢትዮጵያ አርሶ አደር መሬት በነጻ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። የደራ ወጣት ግን በወረቀት መብት ይዞ በእጁ መሬት የለውም። እናም ወይ ገደሉን ያርሳል፣ ወይ በእናንተ ከተማ የቀን ሥራ ይፈልጋል።

አፈሩ ወደ ታች ሲወርድ ፎገራን ያጥለቀልቃል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ የደረሰውን ጎርፍ የወረታ ሰው አይረሳውም። ከዚያም ጣና ይገባል። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሐይቁ ሰሜናዊና ምሥራቃዊ ዳርቻ የተንሰራፋው እምቦጭ የሚወፍረው ከማሳና ከከተማ ታጥቦ በሚገባው ምግብ ነው። ዓሣ አስጋሪው ጀልባው አረሙ ውስጥ ይያዛል፤ የግጦሽ ዳርቻው ይዘጋል። ሕዝቡ ወገቡን አሥሮ በእጁ ሲነቅል ሰነበተ፤ ማሽን መጣ፣ ማሽን ቆመ፤ ገንዘብ ተሰበሰበ፣ የት እንደደረሰ በዝርዝር ሰምታችኋል ወይ? ጣና ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል። ምዝገባው ክብር ነው፤ አረሙን ግን ምዝገባ አይነቅለውም።

ታዲያ ይህ የመሬት ጥያቄ ነው ወይስ የአካባቢ ጥያቄ? የድህነት ነው ወይስ የውኃ? አንድ ወንዝ ነው። ራሱ ጉና ላይ ሲሆን የግራው ፓርቲ ጥያቄ ነው፤ እግሩ ጣና ላይ ሲደርስ የአረንጓዴው ፓርቲ ጥያቄ ነው። ወንዙን ለሁለት ቆርጠን በሁለት ምልክት ለምርጫ ስናቀርበው ነው ሁለታችንም የምንሸነፈው።

ገዥው ፓርቲ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «አረንጓዴ አሻራ» በሚል ስም አረንጓዴውን ቀለም ለራሱ ወስዷል። ችግኝ መትከልን አንቃወምም፤ እኛም ተክለናል። ነገር ግን በአንድ ቀን ስንት ሚሊዮን እንደተተከለ የሚነገረን ያህል ከሦስት ዓመት በኋላ ስንቱ እንደጸደቀ በየቀበሌው አይነገረንም። አንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። መብት ማለት ደግሞ ተጠያቂ ያለው ነገር ነው። የችግኝ ዘመቻ መብትን አይተካም።

እናንተ የከተማ ነዋሪዎች «ይህ የገበሬ ነገር ነው» እንዳትሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ከ100 ብር በላይ ሆነ። ዘይቱ፣ መድኃኒቱ፣ የማዳበሪያው ዋጋ ከዚያ ጋር ወጣ። ደመወዝተኛው ባለበት ቆመ። ማዳበሪያ ሲወደድ ጤፍ ይወደዳል፤ ዛፍ ሲያልቅ ከሰል ይወደዳል፤ ምንጭ ሲደርቅ በጀሪካን የሚሸጠው ውኃ ይወደዳል። የአንበሳሜ ደመወዝተኛና የጉና ገበሬ በአንድ ሚዛን ላይ ተቀምጠዋል።

5. ለሚቃወሙን

«መጀመሪያ እያንዳንዳችን እንጠናከር፤ ኅብረቱ ይደርሳል» የሚሉ ወዳጆች አሉን። ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ ይህን ስንሰማ ኖረናል። ኅብረቱ የሚደርሰው ሁልጊዜ ከሚቀጥለው ምርጫ በኋላ ነው።

«ተዋሐዱና አንድ ፓርቲ ሁኑ» የሚሉም አሉ። ቅን ምክር ነው፤ ነገር ግን የምርጫና የፖለቲካ ፓርቲዎች አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ከውሕደት ሌላም መንገድ ይፈቅዳል። ውሕደት ፓርቲዎቹ ፈርሰው አንድ አዲስ ፓርቲ ይሆናሉ ማለት ነው። ግንባር ሲመሠርቱ ሕልውናቸውን ይዘው በአንድ ጥላ ሥር ይደራጃሉ። ቅንጅት ደግሞ ለምርጫ ሲባል የሚደረግ መተባበር ነው። በ2011 ዓ.ም. ሰባት ፓርቲዎች ፈርሰው ኢዜማን መሥርተዋል፤ የሚከበር ጥረት ነበር። ይሁን እንጂ ያለ ጋብቻ ውል የተፈጸመ ጋብቻ ሁሉ እንደማይጸና፣ በችኮላ የተደረገ ውሕደትም አይጸናም። ቅንጅት በ1998 መስከረም ወደ ውሕደት ሲቸኩል ነበር ስንጥቁ የሰፋው። በአቅማችን ልክ፣ በቅንጅት እንጀምር።

«የጋራ ተቀናቃኝ ካለን ይበቃል» የሚሉ ደግሞ አሉ። አይበቃም! ገዥውን ፓርቲ መጥላት ፕሮግራም አይደለም። እሱ በወረደ ማግሥት ምን እንደምንሠራ ካልተስማማን የምንተባበረው ለመፍረስ ነው።

በመጨረሻም፣ በከባድ ልብ «ምርጫ ምን ዋጋ አለው?» የምትሉን ወገኖች አላችሁ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን በተቀጣጠለው ጦርነት የቀበራችሁት ሰው አለ፤ የተዘጋ ትምህርት ቤት፣ የተዘጋ መንገድ አይታችኋል። ጠመንጃ በሚናገርበት አገር ወረቀት ምን ያደርጋል ብትሉ አንፈርድባችሁም። ሰላም በሌለበትና መራጩ ሳይፈራ በማይወጣበት ሥፍራ ምርጫ ተደረገ ብለን አንፈርምም፤ ይህን አስቀድመን እንናገራለን። ነገር ግን ጠመንጃው ሲቀርፍ ይህች አገር የምትተዳደረው በአንድ ዓይነት ስምምነት ነው። ከአራት ትንንሽ ፓርቲዎች ጋር መስማማት ያልቻለ ሰው ሰማንያ ብሔረሰቦችን አስማማለሁ ቢላችሁ አትመኑት።

6. የምንፈርመው ውል

ስለሆነም ፓርቲያችን በማኅበራዊ ፍትሕና በአካባቢ ጥበቃ ለሚያምኑ ፓርቲዎች ሁሉ የሚከተለውን ውል ለፊርማ አቅርቧል። ውሉ ከዕጩዎች ምዝገባ በፊት ተፈርሞ በየከተማው አደባባይ እንዲለጠፍ እንጠይቃለን።

ሀ. በአንድ የምርጫ ክልል አንድ ዕጩ ብቻ ይቀርባል። ዕጩውን የሚመርጠው የአዲስ አበባ ጽሕፈት ቤት ሳይሆን በዚያው አካባቢ ያሉ የአባል ፓርቲዎች የጋራ ጉባኤ ነው። የእኛ ሰው ካልተመረጠ ለተመረጠው ቅስቀሳ እናደርጋለን።

ለ. አምስት ነጥብ ያለው የጋራ ፕሮግራም ይኖራል፦ ሰላምና ድርድር፣ የአርሶ አደሩ የመሬት ዋስትና፣ የጉና ተፋሰስና የጣና መልሶ ማገገም፣ የከተማ ኑሮ ውድነትን መቀነስ፣ ለወጣቱ የሥራ ዕድል። ከእነዚህ ውጭ ባሉ ጉዳዮች እያንዳንዱ ፓርቲ የራሱን አቋም ይይዛል።

ሐ. የቅንጅቱ ስም፣ ማኅተም፣ የምርጫ ምልክትና የባንክ ሒሳብ የማንም መሪ ንብረት አይሆኑም። አንድ ፓርቲ ቢወጣ ባዶ እጁን ይወጣል፤ ቅንጅቱ ቢፈርስ ስሙን ማንም አይወስደውም።

መ. የምርጫው ውጤት ቢያከራክር ምክር ቤት የመግባትና ያለመግባት ጉዳይ በመሪዎች ስብሰባ አይወሰንም። ተመራጩ ወደ ምርጫ ክልሉ ተመልሶ መራጮቹን በአደባባይ ያማክራል፤ የሁሉም አካባቢዎች ድምፅ ተደምሮ የሚገኘው ውሳኔ ሁሉንም ያስራል።

ሠ. የቅንጅቱ ተመራጭ ከሌላ ፓርቲ ወይም ከመንግሥት ሹመት የሚቀበለው ቅንጅቱ በድምፅ ሲፈቅድና ምክንያቱ ለመራጩ በጽሑፍ ሲገለጽ ብቻ ነው።

ረ. አለመግባባት ሲነሳ ጋዜጣዊ መግለጫ ከመስጠት በፊት ከአባል ፓርቲዎች ውጭ የተመረጡ ሦስት ሽማግሌዎች ያዩታል። በሠላሳ ቀን ውስጥ የሰጡት ውሳኔ የመጨረሻ ይሆናል።

ሰ. ማንኛውም አባል ፓርቲ የታጠቀ ኃይል አይኖረውም፤ የማንንም ወገን የሚያዋርድ ቅስቀሳ አያደርግም።

ሸ. በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 መሠረት ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ሲያጣ ከቦታው ሊያነሳው ይችላል። ይህን ውል ያፈረሰ ተመራጭ እንዲነሳ ጥያቄ ሲቀርብ የራሱ ፓርቲ አይከላከልለትም።

አንዳንዱ ፓርቲ ይህን ውል ይፈርማል፤ አንዳንዱ «ጊዜው አይደለም» ይላል። ማን እንደፈረመና ማን እንዳልፈረመ ስማቸውን አትመን እናሳውቃችኋለን። እኛም ራሳችን ቃላችንን ብናጥፍ በዚሁ ወረቀት ክሰሱን።

7. ለእናንተ ያለን ጥሪ

ውድ መራጮች!

የቅስቀሳው ወቅት ሲደርስ ብዙ ሰው በራችሁን ያንኳኳል። ባለ ቆብ ይመጣል፣ ባለ ቲሸርት ይመጣል፣ ባለ ድምፅ ማጉያ መኪና ይመጣል። ሁሉም «ለአንድነት» ይላል። ቡና አፍሉለት፣ አክብሩት፤ ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ ውሉ የት አለ?

ከማን ጋር ነው የምትወዳደረው፣ ከማን ጋር ነው የምትተባበረው? ካሸነፍህ የት ትገባለህ፣ ከተሸነፍህ ምን ታደርጋለህ? ማኅተሙን ማን ይዞታል? ጉማራን በተመለከተ የፈረምኸው ምንድን ነው? ወረቀቱን አሳየኝ በሉት። ካላሳያችሁ ይቅርታ ጠይቃችሁ ሸኙት። እኛም ብንሆን ያለ ወረቀት ከመጣን እንደዚያው ሸኙን።

እኚያ ጠላ ሻጭ እናት ዛሬ በሕይወት የሉም። ለጥያቄያቸው መልስ ሳይሰጣቸው አልፈዋል። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ግን አሁንም በዚህች ከተማ አሉ፤ እነሱም በተራቸው በሰልፍ ይቆማሉ። ድምፃቸውን ለማን እንደሚሰጡና ያ ሰው በማግሥቱ የት እንደሚገኝ አስቀድመው ማወቅ መብታቸው ነው።

አስቀድመን እንታጠቅ! ቀስ ብለን፣ አጥብቀን፣ በሕዝብ ፊት እንታጠቅ!

ድምፃችን አይበተን!
ጉና ይልበስ፣ ጣና ይጽዳ፣ ድሃው ይብላ!
ኢትዮጵያ በልጆቿ ስምምነት ለዘላለም ትኑር!